ያልጨረስሁልህ የጎልፍ ዱላ

ውድ ባለቤቴ ይሁኔ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ጀመርሁና ሰረዝሁት። እጄ የለመደውን ነው የጻፈው። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀረው። እኔ ግን ዛሬም ወጡን ጨው አሳንሼ እሠራለሁ። ጨው የተከለከልኸው አንተ ነበርህ፤ እኔ ምን ሆኜ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ አልጫ የምበላው? ዛሬስ እጨምራለሁ እልና ማንኪያውን ይዤ እቆማለሁ፣ ከዚያ ድስቱን መልሼ እከድነዋለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ሰፈራችን ሹም አቦ ግን አንተ የምታውቀው ሹም አቦ አይደለም፤ በደጃችን ያለው መንገድ ተቆፍሮ አቧራው ከቤት አልወጣ ብሏል። ማንጎው ዘንድሮ ጉድ ነው ያፈራው። የሚበላው ሲጠፋ ለጎረቤት አደልሁት፣ የቀረውን ወፍ በላው። የሥራ ክፍልህን አልነካሁትም። ብረት የምትነክስበት ሞርሳ ከጠረጴዛው ጋር እንደታሰረ ነው፣ ሞረዶችህ በየቁመታቸው ተሰቅለዋል፣ ሰማያዊ ቱታህም ከሚስማሩ አልወረደም። አንዳንዴ ገብቼ በሩን እዘጋና ቱታው ኪስ ውስጥ እጄን አስገብቼ እቆማለሁ። ያየኝ ሰው ምን እንደሚል እኔም አውቃለሁ።

ማህሌት በየእሑዱ ከሐዋሳ ትደውላለች። ልጅህ አንተኑ ወጥታለች፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። «እማ፣ ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይልኝ» ትለኛለች። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ መጋረጃውን ሳይቀር ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። እኔ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የምሰጣት፦ ያባትሽን ዱላ ልጨርስና እመጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፣ አሁን አሁን ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። ባለፈው ግን ለሙት ዓመቱ ስትመጣ ይዛኝ እንደምትመለስ ቁርጡን ነገረችኝ። ቤቱ ይከራያል፣ የሥራ ክፍልህም አብሮ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ያንን የዱላ ቦርሳህን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የጎልፍ ሜዳ የት አለና ነው የጎልፍ ዱላ! አባትህ የፈረንጅ መምህራን ግቢ ዘበኛ እንደነበሩ፣ ፈረንጆቹ አገር ሲለቁ አንድ ቦርሳ ሙሉ ዱላ እንደተዉላቸው፣ እሳቸውም ምን እንደሚያደርጉት ቢቸግራቸው ቆጥ ላይ ሰቅለውት እንደኖሩ አስረዳለሁ። አንተም ከፋብሪካ ጡረታ ስትወጣ አወረድኸው። ዕድሜ ልክህን ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የቆምህ ሰው እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ አልሆነልህም። እኔ በበኩሌ ቤት ስትውል ግድግዳውን ትቀባልኛለህ ብዬ ነበር። ቦርሳውን ስትከፍተው የሸተተኝ ዝገትና የአይጥ ጎጆ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ብረቶቹን በትልቁ ድስቴ ኮምጣጤ አፍስሰህ ዘፈዘፍሃቸው። ያ ድስት ከዚያ ወዲህ ለምግብ አልሆነም፤ ተጣልተንበታል፣ ታስታውሳለህ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሃቸው፣ በላምባ አጠብሃቸው፣ መያዣቸው ላይ የፍየል ቆዳ ጠመጠምህላቸው። ራሳቸው እንጨት የሆኑትን ደግሞ የድሮ ቀለማቸውን ልጠህ እንደገና አለሰለስሃቸው። አባቴ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። አንዱን አንስተው ተደገፉበት፣ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «መቋሚያውስ ደግ ነበር፤ አናቱን ማን ነው ያጣመመው?» አሉ። ሳቅህ ሊያመልጥህ ሲል ሮጠህ ወደ ጓሮ ወጣህ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «የይሁኔ መቋሚያ» ይለው ጀመር። አንድ ጎረቤት ማንጎ ላውርድበት ብሎ አንዱን ያነሣ ዕለት ግን ሳቅህ ጠፋ። እስከ አጥሩ ድረስ ተከትለህ ቀማኸው፣ እኔንም ለምን ሰጠሽ ብለህ ስንት ቀን አኮረፍኸኝ። ሰው አሁን ስላንተ ሲያወራ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር ይላል። እኔ ቡናቸውን እቀዳለሁ።

ሁሉንም ብቻህን ነበር የምትሠራው፣ ክር ከመጠምጠም በቀር። የእንጨቱ ራስ ከብረቱ ዘንግ ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ ክር ይጠመጠማል፤ ከላላ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከዓሣ አጥማጆች ያገኘኸውን የመረብ ክር ሰም ታስነካዋለህ። ሰሙ እኔ ከቤተ ክርስቲያን የማመጣልህ የጧፍ ቁራጭ ነው። ከዚያ እኔ የክሩን ጫፍ ወጥሬ በረንዳው ዳር እቆማለሁ፣ አንተ ዱላውን በሁለት እጅህ እያዞርህ ትጠመጥማለህ፣ ክሩ ሲያጥር እኔ በዝግታ ወደ አንተ እመጣለሁ። «እንዳይላላ፣ እናኑ!» ትለኛለህ። ክሩ ሲያልቅ ፊት ለፊት እንገናኛለን። የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲህ ቀርበህ አላየኸኝም ስልህ ጆሮህ ይቀላ ነበር፣ በዚያ ዕድሜህ! ይሁኔ፣ ያንን ክር መያዝ ነው የናፈቀኝ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

አንዱ በታደሰ ቁጥር ወደ ሐይቁ ዳር ይዘኸኝ ትወርዳለህ። ቦርሳው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ኳሶች ጣና ገብተው ስላለቁ ከጨርቅ ሠፍተህ ነበር የምትመታው። ጎልፍ እንዴት እንደሚመታ ሁለታችንም አናውቅም፤ አንተ እንደ ገና ተጫዋች እግርህን ከፍተህ፣ ጮኸህ ትመታለህ። ኳሱ ደንገሉ ውስጥ ይገባል፣ ሱሪህን ሰብስበህ ጭቃው ውስጥ ትፈልጋለህ፣ የውሃ ወፎቹ ይብራዎች ይነሣሉ። እኔም አንድ ቀን ሞክሬ ኳሱን ትቼ ሣሩን ነቀልሁት። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ከሞትህ ወዲህ ወደዚያ ዳር አልወረድሁም፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ አልሳፈርም።

የመጨረሻውን፣ ትልቁን ባለ እንጨት ራስ፣ ስትጀምር የኩላሊትህ ሕመም ጠናብህ። አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ አምጪልኝ እያልህ በጨርቅ ትወለውለው ነበር። በኋላ እጅህ እንቢ አለ። ራሱን ከዘንጉ ጋር አጣብቀኸዋል፣ የቀረው ቅባቱና ክሩ ነበር። «አንድ ጎድሎ አይቅር፣ ጨርሽልኝ» አልኸኝ። «እጨርስልሃለሁ» አልሁህ። ያን ጊዜ ፀሐይን አውርጂልኝ ብትለኝም እሺ እል ነበር።

እንጨቱን በምን እንደምትቀባው አንድ ጊዜ ጠይቄህ «በተልባ» ብለኸኛል። በተልባ፣ በቃ። ጠርሙስህን ደግሞ የለቅሶው ሰሞን ቤቱን ያጸዱት ሴቶች የተበላሸ ዘይት መስሏቸው ደፉት። እኔ ተልባ ስባል የማውቀው የጾሙን ተልባ ነው። ገዛሁ፣ ለቀምሁ፣ ቆላሁ፣ ወቀጥሁ፣ በውሃ በጥብጬ አጠለልሁት። ያንን የሚያሟልጭ ውሃ በጨርቅ እየነከርሁ ዱላውን ቀባሁት። አበራ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ። ያማረ መስሎኝ ጨመርሁበት፣ በማግሥቱም ጨመርሁበት፣ እንደ ሕፃን አጠጣሁት። ከዚያ ጉንዳን ወረረው። ጉንዳኑን ሳራግፍ እንጨቱ አብጧል። ኮላው ለቆ ራሱ ከዘንጉ ወለቀና እጄ ላይ ቀረ፤ ከአናቱ እስከ አንገቱ ተሰንጥቋል።

መሬት ላይ ተቀምጬ ጮኽሁ። ቀብርህ ላይ እንኳ እንደዚያ አልጮኽሁም። ጎረቤት ሮጦ መጣ፣ ሌላ ሰው የሞተብኝ መስሏቸዋል። ምን ልበላቸው? ዱላ ተሰበረብኝ ልበል? ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ፣ እነሱም ናፍቆት ነው ብለው አጽናንተውኝ ሄዱ። ይሁኔ፣ ያን ቀን በጣም ተናደድሁብህ። አንድ ቃል ብትጨምርልኝ ምን ነበረበት? ንግግርህን ዕድሜ ልክህን ስትቆጥበው ኖርህ፣ ለማን አስቀመጥኸው? ልጠይቅህ የማልችለው ነገር በየቀኑ እየበዛ ነው። የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ የት እንዳለ አላውቅም። ያቺ ስትሠራ የምታንጎራጉራት ዜማ መጀመሪያዋ ትመጣልኛለች፣ መጨረሻዋ ጠፍቶብኛል። ማንን ልጠይቅ?

በመጨረሻ ታደለን አስጠራሁት፣ ያንን የፋብሪካ ጓደኛህን፣ አናጺውን። የተሰነጠቀውን ራስ አገላብጦ አየ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ነገሩ ገባው። አልሳቀብኝም፣ እግዜር ይስጠው። «እታለም፣ ይሁኔ’ኮ ጥሬ ተልባውን አስጨምቆ ዘይቱን ነበር የሚቀባው። አስጨምቄ የማመጣለትም እኔው ነበርሁ። ምነው አስቀድመሽ ብትጠሪኝ?» አለኝ። ራሱን ወስዶ በጥላ አደረቀው፣ ስንጥቁን በኮላ ሞልቶ አሠረው፣ ዘይቱን ደራርቦ ቀባው። መልሶ ሲያመጣው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ አንተ ከሠራሃቸው ሁሉ እሱ ያምር ነበር። ይህን ስነግርህ አትከፋ።

ትናንት ለክሩ መጣ። እኔ ብቻዬን ጫፉን ከበሩ እጀታ ጋር አስሬ ሞክሬ ነበር፣ እየላላ አስቸገረኝ። ታደለ ክሩን ሰም አስነካና ጫፉን ሰጠኝ፣ በረንዳው ዳር ቆምሁ፣ እሱ ማዞር ጀመረ። «እንዳይላላ፣ እታለም» አለኝ። ምን ያድርግ፣ ሥራው ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው። ክሩ እያጠረ ሲመጣ እግሬ የለመደውን ያዘ። በዝግታ፣ በዝግታ። ዓይኔን ከክሩ አላነሣሁም። ሲያልቅ ቀና አልሁ፤ የታደለ ፊት ነው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ደስ ብሎታል። «ይኸው፣ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። አለቀ» አለኝ።

አፈር ሲመለስብህ ቆሜ አይቻለሁ። የሞትህብኝ ግን ትናንት ነው፣ ታደለ «አለቀ» ሲል።

ምሳ አበላሁት፣ መረቅሁት፣ እስከ በሩ ሸኘሁት። ተመልሼ ውሃ ጣድሁ። ክሩን በምላጭ በጠስሁት፣ ፈልቶ የወረደውን ውሃ አንገቱ ላይ ደጋግሜ አፈሰስሁበት፣ ኮላው እስኪለቅ ድረስ። የማደርገውን አላውቅም ነበር ብዬ አላታልልህም፤ አውቅ ነበር። ራሱ ሲወልቅ ስንጥቁም አብሮ ተከፈተ። ሁለቱንም ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፣ ማህሌት ናት። «እማ፣ ታደለ ደውሎ አለቀ አለኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ» አለች። «ገና ነው» አልኋት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኋት። እንደ ልጅነቷ አለቀሰች። እኔ ያንተን ልጅ አስለቀስሁ፣ ይሁኔ። አእምሮዬን እየሳትሁ መስሏታል። እኔም አልፎ አልፎ እንደዚያ ይመስለኛል፣ የሚመልሰኝ ግን አላገኘሁም። ታደለንስ በምን ዓይኔ ላየው ነው?

የሰጠሁህን ቃል አፍርሻለሁ። ይቅር የምትለኝ ከሆነ በምትኩ ሌላ እሰጥሃለሁ። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፣ ሰው አበላለሁ፣ ካህናቱ ይፈቱሃል፣ ጥቁሬንም አወልቃለሁ። ማህሌት ይዛኝ ከሄደች እሄዳለሁ፤ ልጄን ሁለተኛ አላስለቅሳትም። ዱላውን ግን ሁለት ቦታ እንደሆነ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ነው የምሄደው፣ ማንም እንዲያጣብቀው አልፈቅድም። በምተኛበት ክፍል፣ በዚያ መጋረጃ ሥር ይቀመጣል። እስካለሁ ድረስ በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑም አስብሃለሁ። ያየ ሰው ይሄ ነገር ምንድን ነው፣ ለምንስ ተሰብሮ ቀረ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አልተሰበረም፣ ባሌ ገና እየሠራው ነው እላለሁ።

ያንተው እናኑ