ጳጉሜን ስለማያውቀው ፕሮግራም

ለክቡር የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለሙያዎችዎና ሁልጊዜ ለሚሠራው የቢሮዎ ኮምፒውተር የከበረ ጤንነት እመኛለሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ የምንሠራ ሰዎች ደህና ነን፤ የታካሚዎቻችን ደህንነት ግን እንደ ኮምፒውተሩ ሁኔታ ነው።

ለላኩልን የቀጠሮና የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ምንጩ ክፍት እንደሆነና ማንም ኮዱን አይቶ ሊያርመው እንደሚችል በምርቃቱ ዕለት ሲያስረዱ አጨብጭቤያለሁ። በእርግጥም ኮዱ ክፍት ነው። የተዘጋው የእርስዎ በር ነው። ባለሙያዎችዎ ከዊንዶውስ በተለየ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራው አዲሱ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው፣ ለእኛ አሮጌ ዊንዶውስ የሚሆነውን ቅጂ እዚያው ማዘጋጀት መቻላቸውም የሚደነቅ ጥበብ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ዊንዶውስ ፈልጎ ቅጂውን ከፍቶ ማየት ግን ለክብራቸው የማይመጥን ሥራ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ፕሮግራሙ እኛ ዘንድ ሲከፈት የታካሚዎቹ ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። አቶ አወቀም ወይዘሮ ታየችም ሦስት ሦስት ሳጥን ናቸው። የማን መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ ከሳጥኑ እንድንለይ ስላመኑን እናመሰግናለን።

፪. አሥራ ሦስተኛውን ወር የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ለእኛ በተዘጋጀው ቅጂ ውስጥ ግን ሳይካተት ቀርቷል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዓመቱ ነሐሴ ላይ ያልቃል። ይመኙሽ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ መድኃኒቷን ማቋረጥ የሌለባት የወገራ ገበሬ ናት። ቀጠሮዋ ጳጉሜን ሁለት ነበርና በዕለቱ መጣች። የፋርማሲ ባለሙያዋ ፍሬሰላም ቀኑን ስታስገባ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ከፕሮግራሙ ውጭ መድኃኒት የሰጠ በዲሲፕሊን እንደሚጠየቅ ደግሞ ራስዎ ባስተላለፉት ሰርኩላር ተነግሮናል። ይመኙሽ «ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ወዲያው ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ባለሙያዎ አቶ ስማቸው «አያ በላቸው፣ ምነው ተቆጡ? እኛ ጋ እኮ ሸጋ ሆኖ ይሠራል!» አሉኝ። ፍሬሰላም ከጎኔ ሆና «እንግዲያው በሽተኞቹን እነሱ ኮምፒውተር ላይ እንጫንላቸዋ!» አለች። ይመኙሽ ለመስከረም ተቀጥራ ባዶ እጇን ተመለሰች። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምድጃ አጠገብ ሳለች ጣላት። ቀኝ እጇ እስከ አንጓው ተቃጠለ።

፫. ይህን ከሰማሁ በኋላ፣ «በሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር ተሞክሯል» የሚለው ማረጋገጫ እንዴት እንደተሰጠ ክቡርነትዎን በስብሰባ ላይ ጠየቅሁ። «ተሞክሯል አልን እንጂ ሠርቷል አላልንም» ብለው መለሱልኝ። አዳራሹ ሳቀ። በሚገባ ፈትሸነዋል ማለትም፣ ጀምረን ትተነዋል ማለትም በአንድ ቃል ስለሚቻል፣ አማርኛ ራሱ ለክፍልዎ ምቾት ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ቋንቋችንን እስከዚህ ድረስ ስለተጠቀሙበት ከልብ እናመሰግናለን።

ልመናዬ ብዙ አይደለም። ፕሮግራም ከመላክዎ በፊት እንደ እኛ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር አፈላልገው አንድ ጊዜ ያስከፍቱት። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካጡ የእኛን ወደ ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ ጭነን እንልካለን። እስከዚያው ፍሬሰላም ታካሚዋን በዓይኗ እያየች መድኃኒት እንድትሰጥ ይፍቀዱላት።

የክቡርነትዎ ወንበር እንዲጸና፣ ስብሰባዎም ሳቅ እንዳይለየው እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

በላቸው ታከለ
ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አዲሱ ቅጂ ከአሻራ መቀበያ መሣሪያ ጋር ደረሰን። ጳጉሜን ተካታበታለች፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን ግን መድኃኒት ለመስጠት የታካሚውን የቀኝ አውራ ጣት ይጠይቃል፤ ሌላ ጣት አይቀበልም። ይመኙሽ ዛሬ ጠዋት መጥታ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን መሣሪያው ላይ አኑራለች። ፋሻው እስኪፈታ ድረስ መድኃኒቷን ማን እንደሚውጥላት በሰርኩላር ያሳውቁን።