ናፖሊ ላይ የሰማሁት ስም

ሐምሌ 21

ከአሌክሳንድሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ልብስ አጠብኩ። የታችኛው ፎቅ ማሽን ዛሬም ሳንቲሜን በልቶ ዝም አለ።

አባ ቁርባናችንን ለመስከረም አጋማሽ ቆረጡልን። ስድስት ዓመት በፍርድ ቤት ወረቀት የኖርን ሰዎች ልንቆርብ ነው! ከዚያ በኋላ መፋታት የለም። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ፈራሁ... ሰው ለዕድሜ ልኩ ሲታሰር ከማን ጋር እንደሚታሰር ማወቅ አለበት፣ አይደል?

ምናሴ ደግሞ ድንገት "ከዚያ በፊት ናፖሊን ላሳይሽ" አለኝ። ዲቪ ሳይደርሰው የኖረባትን ከተማ። ስለሷ በጠየቅኩት ቁጥር "ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ሥራ" ብሎ ነበር የሚዘጋኝ። አሁን ምን ተገኘ?

"እዚያ ሰው አልነበረህም እንዴ?" አልኩት፣ ለቀልድ።

"የምን ሰው?" ሳህን እያጠበ ነበር። ዞር አላለም።

ሐምሌ 29

ክሪስታል ሲቲ፣ ሥራ ቦታ፣ ብሩክታይት "ሃኒሙን ነው በያ!" እያለች ስታሾፍብኝ ዋለች። ሳቅኩላት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ነሐሴ 7

ናፖሊ። የመጀመሪያ ቀናችን። ጠዋት ሻንጣ ጥለን በእግር ወጣን።

መንገዶቹ ከመጥበባቸው የተነሳ ፀሐይ እንኳ በተራ ነው የምትገባው። ከበረንዳ በረንዳ ልብስ ተሰጥቷል። በየመሀሉ ሞተር ሳይክል እየተክለፈለፈ ይመጣል። ምናሴ ካርታ አያወጣም። ሲልቨር ስፕሪንግ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ፍለጋ የሚዞር ሰው! እዚህ እግሩ ራሱ ያውቃል። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ።

"የምትመጣዋ ደረጃ ታንሸራትታለች፣ ያዢኝ" አለኝ። ደረጃው ገና አልታየኝም ነበር። ማንን ይዞ ወርዶባት ይሆን? ቀናሁ። በደረጃ ይቀናል? ይቀናል።

ጾም ስለሆነ ምን እንበላለን ብዬ ተጨንቄ ነበር። እሱ እቴ! ሜኑ ሳያይ አዘዘ። አይብ የሌለበት፣ ቲማቲም ብቻ የተቀባ ፒዛ አለ ለካ። እዚህ አገር በፍልሰታ ምን እንደሚበላ ማን አስተማረው? ብቻውን የሚኖር ወንድ ነበር እኮ...

ፒዛው መጣ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ አንዱ የለውም። የሌለውን እኔ ፊት አደረገው።

"ምናሴ፣ እኔ ነጭ ሽንኩርት እወዳለሁ።"

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። "ሶሪ... ተሳሳትኩ" ብሎ ቀየረልኝ። ስድስት ዓመት ያበሰልኩለት ሰው! የማትወደው ማን ናት? አልጠየቅኩም።

ከሰዓት ግን መልሱ ከሰማይ ወረደ። አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከበረንዳ ላይ "ምናሴ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ጣልያንኛውን አወረደችው። አንድም ቃል አይገባኝም። መሀል ላይ ግን "መዓዛ" አለች። ደግማም "መዓዛ?"። እሱ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ አየችኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች። በገመድ የታሰረች ቅርጫት አወረደችልን፣ ውስጧ ኮክ ነበር። አልነካሁትም።

"ማን ናት መዓዛ?"

"ሆቴል እንሂድና..."

"እዚሁ! እየሄድን ንገረኝ!"

የነገረኝ ግን ባሕሩ ዳር ስንደርስ ነው። የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጥን። አብረው ኖረዋል። ሦስት ዓመት፣ እዚያች አሮጊት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ። ለዚህ ነው ያመጣኝ። አባ "ሳትቆርቡ ንገራት" ብለውታል። ቤት ውስጥ አፉ እምቢ አለው።

"ትወዳት ነበር?"

"አዎ።"

አዎ! እንደዚህ በቀጥታ። ፊቴ ጋለ። ባሕሩን፣ መንገዱን፣ ያቺን አሮጊት ሳይቀር ጠላሁ።

"ታዲያ የት ገባች?"

"ዲቪው የደረሰው ለኔ ነው። ሄጄ ፕሮሰስ እጀምርልሻለሁ አልኳት። መጀመሪያ ኮል አደርግ ነበር... ከዚያ ቁጥር ቀየርኩ።"

"እንደተውካት አልነገርካትም?"

"አልነገርኳትም። ሁለት ዓመት ጠብቃኛለች አሉኝ ሴትዮዋ፣ አሁን።"

ነሐሴ 8

"ቆንጆ ናት?" አልኩት ቁርስ ላይ። አላስችል አለኝ።

"ረዥም ናት።"

ረዥም! እኔ ትከሻው ጋ አልደርስም። ዛሬ ሙሉ ቀን በየመንገዱ ረዣዥም ሴቶች ብቻ ነው ያየሁት።

ነሐሴ 10

ቅናቱ እየቀዘቀዘ ሌላ ነገር እየመጣብኝ ነው። ሁለት ዓመት... ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትል ይሆናል። እኔ ደግሞ በሷ እቀናለሁ! ወደዳት ብዬ ስቃጠል የረሳሁት፣ እየወዳትም ትቷት እንደሄደ ነው።

ነሐሴ 26

አሌክሳንድሪያ ሄጄ አባን አነጋገርኳቸው።

"አባ፣ የመስከረሙን ቀን ያንሱልን።"

"ቀንተሽ ነው፣ ልጄ?"

"ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ አባ።"

ከዚያ "እሱስ ምን አለ?" አሉኝ። መዓዛን ፈልገህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል። እስካሁን ግን አንድ ስልክ አልደወለም። ዛሬ ነገ ይላል።

ጳጉሜ 2

ዛሬ ምናሴ ከሥራ ዘገየ። መንገድ ተዘጋግቶበት ነው፣ ኋላ ደወለ። በፊት ቢሆን "ከማን ጋር ይሆን?" ብዬ ነበር የምብሰለሰለው። ዛሬ መስኮቱ ጋ ቆሜ ያልኩት "ይመጣ ይሆን?" ነው።