የዝንጅብሉ ግርጌ

የካቲት 3

ዝናብ። በከተማችን በቦጎር ዝናብ ወሬ አይደለም፤ የሚወራው ሲያባራ ነው።

የልጅ ልጄ ኢማስ የተጠበሰ ሙዝ ይዛ መጣች። እሑድ አማቾቿ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ አለች።

"አባባ፣ አደራዎን እንዳይቀልዱባቸው።"

"እኔ? መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

"ለእጮኛዬ 'ጥርሶቿ ሁሉ ሰው ሠራሽ ናቸው' ያሉት ማን ነው ታዲያ?"

"ትቶሽ ሄደ? አልሄደም። ፈተና ነበር፤ አለፈ።"

ሙዙን መልሳ ልትወስድብኝ ቃጣት። ቀደምኳት።

ከሄደች በኋላ የግድግዳዬን ሥዕል አቧራ አራገፍኩ። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የጫካ ዝንጅብል። ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ቀዩ አበባ የኔ እጅ ነው። ግርጌው ላይ የተደረደሩት... ለሁለት የተሰነጠቀው አበባ፣ ፍሬው፣ ዘሮቹ... የሩምሳሪ። የባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና።

የካቲት 5

ሥዕሉ ለምን እቤት ቀረ? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ሁልጊዜ "ሰርቄው ነው" እላለሁ።

እውነቱን ለራሴ ልጻፈው። የከተማችን የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ ቤተ መጻሕፍት ትልቁን የዕፅዋት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ እኔ ሠዓሊ ነበርኩ። ሩምሳሪ እዚያው ለጥናት የሚቀመጥ ደረቅ ቅጠል ወረቀት ላይ ትሰፋ ነበር። ለሴት ብሩሽ አይሰጥም ነበር። አንድ ሰሞን ዓይኔን አመመኝ። ግርጌውን እሷ ሣለችው፤ አበባውን በምላጭ ሰንጥቃ፣ ሁለት ፀጉር በቀረው ብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ። አለቃችን አጉሊ መነጽሩን አስጠጋና፣ "ይህ ያንተ እጅ አይደለም" አለ። አልቀበልም ብሎ መለሰው።

ለመጽሐፉ ሌላ ሣልኩ። ብቻዬን። ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀመጠው እሱን ነው። ምንም አይወጣለትም... ግን እሷ የለችበትም። ሩምሳሪ የሣለችው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለው ይኸው ግድግዳዬ ላይ ብቻ ነው።

የካቲት 8

ምን ነካኝ?

መጡ። የኢማስ አማት አቶ ዊራታማ፣ ተራራው ላይ ያለው አዲሱ ሆቴል ባለቤት። ጥሩ ሰው ነው። ሳቂታ። ያደገው ውጭ አገር ነው። ሥዕሉ ፊት ቆመ።

"ኧረ ይሄ እንዴት ያምራል!"

"ይውሰዱት እንጂ" አልኩ።

እኛ ጋ እንዲህ ይባላል። እንግዳ ካደነቀ "ይውሰዱት" ነው። እንግዳው ደግሞ "ኧረ በፍጹም፣ እዚሁ ያምርብዎ" ይላል። ሕፃን ያውቀዋል። ይኼኛው ግን ዞር ብሎ፣

"የምርዎን ነው?"

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበር? ምላሴ! "እኔ ሽማግሌው ምን ያደርግልኛል? ግድግዳውም መሸከም ሰልችቶታል" አልኩ።

በሁለት እጁ አወረደው። "የሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል!" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ምስማሩ ቀረ።

የካቲት 9

ኢማስን አስጠራኋት።

"ሽማግሌው ሲቀልድ ነው በይው።"

"አባባ! ለአማቴ? ስጦታውን መልስ ልበለው?"

"የሴት አያትሽ እጅ ነው እኮ፣ ልጄ።"

እጄን ያዘች። ከዚያ፣ "ያው ሥዕል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ አይደል? ማየት ሲያምርዎት እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።"

"ያው አይደለም።"

"አባባ... አያዋርዱኝ።" እንባዋ መጣ።

ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ፣ አሁን የምሬን ነው ብል ማን ያምነኛል?

የካቲት 20

ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ አለ። ሌላው ሁሉ በጭስ ጠቁሯል ለካ። ወንበሬን አዞርኩት።

መጋቢት 14

ሠርጉ። ኢማስ አበባ በፀጉሯ፣ እንዴት አምሮባት። አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ መረቅኩ። ከዚያ ቀና አልኩ።

ሥዕሉ፣ የወርቅ ክፈፍ ውስጥ። መብራት በርቶለት። ግንድ፣ ቅጠል፣ ቀይ አበባ... አለቀ። ከዚያ በታች ክፈፍ።

አቶ ዊራታማ መጣና ትከሻዬን አቀፈ። "እንዴት ነው አባባ?"

"ግርጌውስ?"

"አዎ፣ ክፈፉ አጠረብን። እነዚያ ከታች የነበሩት ቅንጥብጣቢዎች ደግሞ አበባውን አበላሽተውት ነበር። አሁን አላማረም?"

"የተቆረጠውስ?"

"የቱ?"

"ወረቀቱ። ቁራጩ።"

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። "እሱማ ከቆሻሻ ጋር ሄደ! ምን ያደርግልዎታል?"

ኢማስ መጥታ እጄን ሳመች። "አማረ አይደል፣ አባባ?"

"አማረ" አልኳት። ሙሽራ ናት። ምን ልበላት?

መጋቢት 15

ምንም።

መጋቢት 22

ዛሬ ግርጌውን ልሣለው ሞከርኩ። የተሰነጠቀውን አበባ። በአእምሮዬ እያንዳንዱ መስመር አለ። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ባይንቀጠቀጥስ? የኔ እጅ ነው። አለቃችን ልክ ነበር፤ ይለያል።

ሚያዝያ 11

ኢማስ መጣች። አማቷ ስጦታ ልኮልኛል፦ የሻይ ማቅረቢያ ትሪዎች። ዝንጅብሌ ታትሞባቸዋል። የሆቴሉ መጋረጃም፣ የአልጋ ልብሱም፣ የገበታ ጨርቁም እሱው ሆኗል አለችኝ። እንግዶች ወደውታል።

"አባባ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ!"

ልቀልድ ሞከርኩ። የሚያስቅ ነገር አጣሁ። ፊቴን አይታ፣ "አመመዎት እንዴ?" አለች። "ደክሞኝ ነው" አልኳት።

ስትሄድ ለራሴ ሻይ አፈላሁ። በአንዱ ትሪ አቀረብኩት። ብርጭቆው አፈሰሰ፤ ቀዩ አበባ ላይ ክብ የሻይ ጠብታ ቆመ። እጅጌዬን ይዤ ቶሎ ልጠርገው ብድግ አልኩ... ሥዕል ላይ ጠብታ ሲያርፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሠዓሊ የለማ።

መልሼ ተቀመጥኩ። ትሪ ነው። ይርጠብ።