አንድ ሳምንት ቀድማ ስለቆመችው የሳተርን መንኮራኩር

ለክቡር የክራትሉንድ መዝናኛ ፓርክ ዳይሬክተር ለአቶ ፍሌሚንግ ራውንሆልት፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ትጉህ የቢሮ ሠራተኞችዎንና አዲሱን ኮምፒዩተርዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በአገራችን በዴንማርክ አንቱታ ለንጉሡ ብቻ የቀረ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን የሳምንቱን አጀማመር በአንድ ውሳኔ የለወጠ ሰው ከንጉሥ ስለማያንስ ለእርስዎም አውጥቼዋለሁ።

እኔ የሌምቪው ብስክሌት ጠጋኝ ኤይቪን ስካመልሰን ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ሳተርን መንኮራኩርዎ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አርባ አርባ ሰው እየጫነች፣ በብረት እግሮቿ ላይ እየተንገጫገጨች፣ ከዩትላንድ ምድር አንድ ክንድ እንኳ ሳትርቅ ሳተርን ደርሳ ስትመለስ ኖራለች። እኔ አሥራ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ምሳዬን እዚያው ጥዬ ተመልሻለሁ። የእህቴ ልጅ ሶልቫይ ግን አንድም ጊዜ አልሄደችም። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ በራፉ ላይ የቆመው የእንጨት ጠፈርተኛ ደግሞ ቁመቱ አንድ መቶ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያልሞላ አያሳልፍም። ልጅቷ ሦስት ዓመት ጠብቃለች።

በነሐሴ ወር መንኮራኩሯ ልትፈርስ መሆኑን ሲያስታውቁን «የመጨረሻው በረራ በ42ኛው ሳምንት እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት» አሉን። እንደሚያውቁት እኛ ሠርጉንም የጥርስ ሐኪሙንም በዓመቱ ሳምንታት ቁጥር የምንቀጥር ሰዎች ነን፤ 42ኛው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት የድንች ዕረፍት ስለሆነ ማንም አይረሳውም። የዚያ ሳምንት ሰኞ ሶልቫይን ስንለካት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጎደላት። እናቷ ዶርተ «እስከ መጨረሻዋ ቀን እንቆይ፣ ልጅ እኮ ተኝቶም ያድጋል» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ልጅቷ ገንፎ እያስጨመረች በላች፤ ከምግቡ በተረፈው ጊዜ በር ላይ ተንጠልጥላ ዋለች። ቅዳሜ ማታ በወጥ ቤቱ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት ስናደርግ ልክ አንድ መቶ ሃያ ሆነች።

እሑድ በዝናብ ሁለት ሰዓት ነድተን መጣን። በር ላይ የቆመችው ሠራተኛዎ ለካቻትና «ደረስሽ! እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ቢጫ ጥብጣብ በእጇ አሰረችላት። ሶልቫይ ጥብጣቧን ከፍ አድርጋ ወደ መንኮራኩሯ ሮጠች። መግቢያው በሳንቃ ተቸንክሯል።

አንደኛ ቅሬታዬ እነሆ። መዶሻ ይዞ የቆመውን መካኒክዎን ፕሬበንን ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ባለፈው እሑድ እኮ ነው የዘጋናት» አለኝ። «አዲሱ ኮምፒዩተር ሳምንቱን የሚጀምረው ከእሑድ ነው፤ የ42ኛው ሳምንት እሑድ ለእሱ አልፏል።»

«ያንተስ ሳምንት ከመቼ ይጀምራል?»

«እኔማ እንደ ሰው ከሰኞ!»

በመጨረሻው በረራ አራት ሰዎች እንደተሳፈሩና እነሱም ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ እንደነበሩ ነገረኝ። ትናንሽ የወረቀት ባንዲራ ይዘን ልንሰናበታት የመጣነው ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ግን ኮምፒዩተርዎ እኛንም ቀድሞ ከመጪው ዓመት እንግዶች እንደሚቆጥረን በማመን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ሰኞ ወደ ቢሮዎ ስደውል አንዲት ትሑት ሠራተኛ «በረራው በሰዓቱ ተካሂዷል፤ አንተ ነህ ከሳምንት በኋላ የመጣኸው» ስትል አስተማረችኝ። ለማካካሻም በሚሽከረከሩት የሻይ ስኒዎች የምንሳፈርበት ትኬት ላከችልን። ሶልቫይ ትኬቱን መልሳ ስትልክ ጀርባው ላይ «አመሰግናለሁ፤ ለሕፃን ስጡት» ብላ ጽፋለች። የልጅቷን ድፍረት ይቅር ይበሉልኝ፤ ከእኔ ነው የወረሰችው።

ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም። «ሦስተኛ» ብዬ የጻፍሁት ቅሬታዎቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ያነሱ ስለመሰለኝ ነው። በምትኩ ያየሁትን ልንገርዎ። ሶልቫይ ያን ዕለት አላለቀሰችም። ሳንቃዎቹን አየችና ፕሬበንን «ታማ ነው?» አለችው።

«ኧረ ደህና ናት፤ ቁልፏን ባዞረው አሁኑኑ ትነሣለች።»

«ታዲያ ለምን ዘጋችኋት?»

ፕሬበን የሌለ ምስማር ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ዓይኑን ሊያነሣላት አልቻለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እርስዎ በስብሰባ ላይ መሆንዎን ስሰማ ብልህነትዎን አደነቅሁ።

አፍራሹ ክሬን የሚመጣው በ45ኛው ሳምንት እሑድ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ስለዚህ የምለምንዎ ከዚያ በፊት የአንድ በረራ ስድስት ደቂቃ ነው። ፕሬበን በዕረፍት ቀኑ ሊመጣ ፈቅዷል። ሳንቃውን ራሴ ነቅዬ ራሴ መልሼ እቸነክራለሁ፤ ከቀድሞውም አጥብቄ። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

የኮምፒዩተርዎ ታዛዥ፣ ሳተርንን አሥራ አራት ጊዜ የጎበኘ፣ በሌምቪ የጎማ ቀዳዳ በመድፈን የሚተዳደር፣ የከበሬታ ሰላምታውን እስከ መሬት ዝቅ ብሎ የሚያቀርብልዎ፣

ኤይቪን ስካመልሰን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሶልቫይ ባነብላት «አጎቴ፣ በጣም ረዘመ፤ አያነቡትም» አለችኝ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» ብላት «አንዴ ልሂድ?» አለች፤ የእሷ ደብዳቤ በሁለት ቃል አለቀ። ቢሮዎ ሃያ ሁለት ሠራተኞች እንዳሉት ሰምቻለሁ፤ ለአንድ ቃል አሥራ አንድ ሰው ይደርሳል። ተጋግዛችሁ እስከ ዓርብ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።