በወረቀት ላይ የቀረው የአክስቴ ሙዝ

ለተከበሩ የሰብል ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ አዲሱ ሕንፃዎ የጸና ይሁን። እኔ ከማዕከሉ አጥር ማዶ ሙዝ የማለማ፣ ከቢሮዎ ደጅ ሦስት ጊዜ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለሙያዎችዎ ካሳደገችኝ አክስቴ ጓሮ ግንዱ ቀላ ካለው ሙዟ አራት ችግኝ ሲወስዱ፣ "እኛ ዘንድ አይጠፋም፤ ባስፈለገዎት ጊዜ ይመለስልዎታል" ስላሏት አመሰግናለሁ። እሷም ቃላቸውን አምና ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ በደረሰኝ አስረከበች።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ዓመት አጠውልግ በሽታ ገብቶ የእኔን ማሳም የእሷን ጓሮም በገዛ እጄ ቆርጬ ቀበርኩ። አክስቴ ታማ ተኝታ ነበርና "የኔስ?" አለችኝ። "ማዕከሉ አለልሽ" አልኳት። ሳላውቅ እንድዋሻት ስላበቁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፦ ችግኙን ልጠይቅ ስመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በአክብሮት አስቀምጣ አንድ ወረቀት አሳየችኝ። ሙዛችንን በዘረመል መለያ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነቶች ጋር አስተያይታው ኖሯል። "ጋሼ፣ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም፤ ብቻውን ነው" አለችኝ። ደስ ብሎኝ "ታዲያ ስጪኛ!" ስላት አንገቷን ደፋች። ለካ ውጤቱ ሳይደርስ "ተደጋጋሚ ዝርያ" ተብሎ በፊርማዎ ተነቅሎ፣ ቦታው የእንግዶች መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ምርመራው የተሠራው ቀድሞ ከተቀነጠበ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ደረቅ ቅጠል ደግሞ አይበቅልም።

አራተኛ፦ "መረጃው በሚገባ ተጠብቋል" የሚለው የጽሑፍ መልስዎ ደርሶኛል። እውነት ነው። ወረቀቱን ለአክስቴ ወስጄ ሰጠኋት። ገልብጣ ጀርባውን አየችና "የታለ?" አለችኝ። በሳምንቱ ቀበርናት።

ሌሎቹን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ማንነታቸው ሳይለይ እንዳይነቅሏቸው እየተማጸንኩ፣ በቸርነትዎ ባዶውን በቀረው ማሳዬ ላይ ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የአጥር ማዶው ሙዝ አልሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣች የድሮ ጎረቤታችን፣ ሰፈር ስትቀይር ከአክስቴ ጓሮ አንድ ችግኝ ሰርቃ መሄዷን እያለቀሰች ነገረችኝ። ሄጄ አየሁት፤ አፍርቷል። እርስዎ በደረሰኝ ተረክበው ያጠፉትን እሷ ሰርቃ አቆየችው። የት እንደሆነ ግን አልጽፍም፤ እንዳይጠብቁልን ፈርቻለሁ።