ፀሐይ የጠጣ ግድግዳ

ወንድሜ ባዩ፣ እንደምን ሰነበትህ? ደብረ ታቦር ከልጄ ከዝናሽ ዘንድ ነኝ። አፓርታማዋ ፊቱን ወደ ፀሐይ መልሶ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ። ሲመሽ ምድጃ ብፈልግ ሳቀችብኝ፤ «አባየ፣ ቀን ፀሐይ የጠጣው ግድግዳ ያሞቅዎታል» አለችኝ። እውነትም እጄን ባሳርፍበት ለብ ይላል። እኛ ጉና ላይ ብርዱን ፈርተን መስኮት አናወጣም፤ ከከብቱ ጋር ተጠጋግተን እናድራለን።

ባለቤቴ አበበች ካረፈች ወዲህ ሞቆኝ የተኛሁት አሁን ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ቆሜ ስጸልይ ፀሐይዋ ደረቴ ላይ አረፈች፤ አበበችን ብርድ ላይ ትቻት የመጣሁ መስሎኝ ጸሎቱ ከአፌ ጠፋ። ዝናሽ ከእንግዲህ እዚሁ ይኑሩ ትለኛለች። እምቢ ልላት ነበር። ግን አበበች በሕይወት ሳለች ጋቢዋን በላዬ ትደርብልኝ ነበር፤ መሞቄን የምትጠላ አይመስለኝም። እሺ ብያታለሁ።

ለሙት ዓመቷ እመጣለሁ። ላሚቱን አንተው እለባት። ቄስ ወልደጊዮርጊስ በጸሎት ያስቡኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ።

ወንድምህ ሙላቴ