የእትዬ የሺ እናት ግንባር

ቢቸና፣ ቅዳሜ ጥር 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጠዋት ከሞጣ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤታቸው «ቢቸና ፊት የሚያጥብ ቴሌግራም አለ አሉ» ሲሉ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ቦቱን፣ ቴሌግራም ላይ በራሱ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ሲላክለት ነጠብጣቡን አጥፍቶ ይመልሳል።

ከሰዓት ሴትዮዋ አፈላልገው ቤቴ መጡ። እትዬ የሺ ይባላሉ። የእናታቸው አርባ የፊታችን ረቡዕ ነው። ለዕለቱ ታትሞ የሚቆም አንድ ፎቶ ብቻ አላቸው፤ እሱም ተጨማዷል። በስልኬ አንስቼ ለቦቱ ላክሁት። እናትየው ሃያ ዓመት ቀንሰው ተመለሱ።

«አንተ መምህር፣ ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እናትዎ ናቸዋ።»

«ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀልስ? እንዲህ ካቆምኳትማ ዘመድ ሁሉ የሞተችው ሌላ ሴት ናት ይላል!»

ለካ ኮዱ ንቅሳቱን ከእድፍ ቆጥሮ አጥቦታል። የማጽጃውን መጠን ከአስር ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ ሦስት አወረድኩ። መስቀሉ በጥቂቱ ብቅ አለ።

«ጎሽ! ጨምር፣ ጨምርበት እንጂ!» ይሉኛል፣ እኔ ስቀንስ።

በመጨረሻ መስቀሉ ፍንትው ብሎ ወጣ። ስልኬን ስመው አለቀሱ። «አሁን እሷው ናት። እጅህ ይባረክ፣ የተማረ ይግደለኝ!»

እንዲህ ከልብ የመረቀኝ ሰው አላስታውስም። ያን ሁሉ ሌሊት ኮድ ላይ ማፍጠጤ ለሰው እንባ ማበሻ ስለሆነ ተመስገን ነው የምለው።

ከሄዱ በኋላ ኮዱን ልዘጋ ስል አየሁት። የማጽጃው መጠን ዜሮ ላይ ነው።